ገዳዩ እንዲሳካለት ስንመኝ

የፍሬድሪክ ፎርሳይትን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» የሚያነሳ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ መጨረሻውን ያውቀዋል። በአማርኛ «የቀበሮው ቀን» ልንለው እንችላለን። የልቦለዱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅጥረኛው ነፍሰ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ይገድላል ወይስ አይገድልም? መልሱ ደግሞ በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፏል። ደ ጎል በጥይት አልሞቱም። 80 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970፣ በገዛ ቤታቸው ነው ያረፉት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎርሳይት ረቂቁን ይዞ በየአሳታሚው ደጅ ሲዞር ደ ጎል ገና በሕይወት ነበሩ። አሳታሚዎቹ ከመለሱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ሰውየው ቁጭ ብለው እያሉ «ተገደሉ ወይስ ተረፉ?» ብሎ ማን ይጨነቃል?

ሰው ግን ተጨነቀ። በ1971 የታተመው መጽሐፍ በሚሊዮኖች ተሸጠ፣ በ1972 የኤድጋር ሽልማት ተሰጠው፣ በ1973 ፍሬድ ዚነማን ፊልም ሠራበት። እስከ ዛሬም የስለላና የግድያ ሤራ ልቦለድ ወዳዶች ሲገናኙ ስሙ ሳይነሳ አይቀርም።

እኔም ይህን መጽሐፍ ካነበቡ ሰዎች ጋር ማውራት እወዳለሁ። አስተያየታቸው የሚገርም ነው። አንዱ «ሳልተኛ ነጋ» ይላል። ይሄ ለልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚሰጥ የተለመደ ምስጋና ስለሆነ ብዙም የሚነግረን ነገር የለም። ሌላው ያጣጥለዋል፦ «ነፍስ የለውም። ሰውየው እናት ይኑረው፣ አባት ይኑረው፣ ማታ ሲተኛ ምን እንደሚያስብ እንኳ አይነገረንም። ማሽን ነው።» ይሄኛው እውነት አለው። ጃካል የሚለው የምስጢር ስም ካልሆነ በቀር የገዳዩን ትክክለኛ ስም እስከ መጨረሻው አናውቅም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓይነት አንባቢ አለ። እሱ ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እውነቱን ልንገርህ? እንዲሳካለት ፈልጌ ነበር።»

አንድ ወዳጄ ይህን ሲለኝ እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን የተጨነቀ ሰው ሳቅ ነው። ጎረቤቱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ሳይል የማያልፍ፣ ዶሮ እንኳ ማረድ የማይሆንለት ሰው ነው። አባቶቻችን ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ብለው ይከፍሉታል፤ በሐሳብ፣ በንግግርና በድርጊት። ታዲያ ሦስት ሌሊት ሙሉ የአንድ አዛውንት ግንባር እንዲበሳ መመኘት በሐልዮ አይቆጠርም? ወይስ ልቦለድ ውስጥ የተመኘነው ምኞት፣ እንደ ሕልም፣ ከእኛ ላይ አይጻፍም?

ጥያቄውን ከመያዜ በፊት ታሪኩን ላላነበበው ሰው በአጭሩ ልንገር። አልጄሪያ በ1962 ከፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ «ደ ጎል ከዱን» ያሉ መኮንኖችና ሰፋሪዎች ነበሩ። ኦ.ኤ.ኤስ የተባለው የምስጢር ድርጅታቸው ሊገድላቸው ደጋግሞ ሞክሯል። በነሐሴ 1962 ፓሪስ ዳርቻ፣ ፕቲ ክላማር በተባለ ቦታ መኪናቸው ላይ የጥይት ውርጅብኝ ወረደ። ጎማዎቹ ተበሱ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ግን ተረፉ። ሤራውን የመራው ኮሎኔል ባስቲያን ቲሪ ማርች 11 ቀን 1963 በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ልቦለዱም የሚጀምረው በዚያው የሞት ቅጣት ማለዳ ነው። ፈጠራው ከዚህ ይቀጥላል። የድርጅቱ መሪዎች «የእኛ ሰዎች ሁሉ ታውቀዋል፤ ማንም የማያውቀው የውጭ ሰው እንቅጠር» ይሉና በግማሽ ሚሊዮን ዶላር አንድ እንግሊዛዊ ይቀጥራሉ። ሰውየው ለአልጄሪያም ሆነ ለፈረንሳይ ግድ የለውም። ለእሱ ሥራ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ አንባቢውን የሚይዘው ይሄ «ሥራ» ነው። ጃካል ብሪታንያ ውስጥ መቃብር ፍለጋ ሲዞር የሚያሳየውን ክፍል ያነበበ አይረሳውም። የሚፈልገው በሕፃንነቱ የሞተ፣ ቢኖር ኖሮ ዕድሜው ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ወንድ ልጅ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ አሌክሳንደር ደጋን የሚል ስም ያገኛል። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ከመዝገብ ቤት ያወጣና በዚያ ፓስፖርት ያመለክታል። ፓስፖርት ሰጪው መሥሪያ ቤት የልደትን መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር አያመሳክርም፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ ይሰጠዋል። ከዚያ ብራስልስ ሄዶ ተፈታትቶ የሚደበቅ ጠመንጃ ያሠራል። ጫካ ገብቶ ሜሎን ሰቅሎ ያነጣጥራል፣ መነጽሩን በትንሽ በትንሹ ያስተካክላል፣ እንደገና ይተኩሳል። ፎርሳይት ይህን ሁሉ የሚነግረን ልክ የዕቃ አጠቃቀም መመሪያ እንደሚያነብብ ሰው፣ አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው። ለሮይተርስ ፓሪስ ሲሠራ የቆየ ጋዜጠኛ ነውና ደ ጎልን ተከታትሎ መዘገብ ያኔ የዕለት ሥራው ነበር። ከቢያፍራ ጦርነት ዘገባ ተመልሶ ገንዘብ ሲቸግረው በ35 ቀን የጻፈው መጽሐፍ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ጥድፊያው መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ግን የባለሙያ ጥድፊያ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ «እንዲሳካለት ፈለግሁ» ሲል የፈለገው የደ ጎልን ሞት አይመስለኝም። የፈለገው ሥራው ከነማዕዘኑ እንዲገጥም ነው። አናጢ መዝጊያውን ሠርቶ ሲገጥመው፣ ያለ ክፍተት «ጠቅ» ሲል መስማት የሚያስደስተውን ያህል ማለት ነው። እኛ ሙያ ወዳዶች ነን። ሙያ በልብ ነው ብለን የምናደንቀው ደግሞ በተለይ ዝም ብሎ የሚሠራውን፣ የማይፎክረውን ነው። ጃካል ደግሞ አይፎክርም። ደ ጎልን ሊያድኑ የተሰበሰቡት ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ይጨቃጨቃሉ፣ ይካሰሳሉ፣ አንዱ በሌላው ያላክካል። በዚያ በኩል እሱ ብቻውን፣ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ልባችን ወደ ሙያተኛው ቢያዘነብል ምን ይደንቃል? ከመካከላቸው ለእኛ ሰው የሚመስለን መርማሪው ክሎድ ለቤል ብቻ መሆኑም ለዚሁ ነው፤ እሱም ሥራውን ያውቃል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ግላውኮን የሚባለውን ወጣት የጊጌስን ቀለበት ተረት ያስነግረዋል። ቀለበቱ ያደረገውን ሰው ከዓይን ይሰውረዋል። ግላውኮን ያለው ባጭሩ፦ ይህን ቀለበት ያገኘ ማንም ሰው፣ ጻድቅ የተባለውም ቢሆን፣ ከክፉ ሥራ አይመለስም ነው። ጃካል በሞተ ሕፃን ስም የሠራው ቀለበት ነው። እኛ አንባቢዎቹ ደግሞ ሌላ ቀለበት አለን፤ መጽሐፉን ከፍተን ስናነብ ማንም አያየንም። ስለዚህ የግላውኮንን ፈተና ለመፈተን የስለላ ልቦለድ ጥሩ ቦታ ነው።

ግን ለብዙ ጊዜ ሳስበው የቆየሁት ነገር አለ፤ ፈተናው የሚወድቅብን እኛ የጠረጠርነው ቦታ ላይ አይመስለኝም። ሁሉም አንባቢ ከጃካል ጋር ስላለው ነገር ነው የሚጨነቀው፣ የሚከራከረው፣ የሚያፍረው። ስለ ኮዋልስኪ የሚያወራ ግን አይገኝም።

ቪክቶር ኮዋልስኪ በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ውስጥ የነበረ ፖላንዳዊ ነው። ሮም ውስጥ ሆቴል ዘግተው የተደበቁት የሤራው መሪዎች ጠባቂ ነው። ግዙፍ፣ ጨካኝ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው። በዓለም ላይ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለችው፤ ከእሱ ጋር አትኖርም። የፈረንሳይ የስለላ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። የሐሰት ደብዳቤ ያዘጋጁና «ልጅህ የደም ካንሰር ይዟታል» የሚል መርዶ ይልኩለታል። ኮዋልስኪ የበሽታው ስም ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ሲገባው ሥራውን ጥሎ፣ መያዝ እንዳለ እያወቀ፣ ልጁን ሊያይ ወደ ፈረንሳይ ይበራል። እዚያ ይጠብቁታል። ይዘውት ይሄዱና በኤሌክትሪክ ያሠቃዩታል። በሥቃዩ መካከል የሚቀባዥረውን በቴፕ ይቀዳሉ። ይሞታል።

ቀጥሎ ያለውን ልብ በሉልኝ። ፎርሳይት ከሥቃዩ ክፍል ያወጣንና የስለላው ኃላፊ ቢሮ ያስገባናል። ጠረጴዛው ላይ የኮዋልስኪ ቃል ከቴፕ ወደ ወረቀት ተገልብጦ ተቀምጧል፤ የተቆራረጠ፣ የተምታታ፣ ቃላቱ እርስ በርስ የማይያያዙ። ኃላፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይህ ቃል ምን ማለት ይሆን፣ ከየትኛው ጋር ይሄድ ይሆን እያለ ይፈታል። እኛም አብረነው እንፈታለን። አንገታችንን በወረቀቱ ላይ አቀርቅረን «አሃ! ይሄማ ስለ ፀጉሩ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ስሙ ነው» እንላለን። ከአንድ ገጽ በፊት የሰው ጩኸት የነበረው ነገር አሁን እንቆቅልሽ ሆኗል። ደስም ይላል። ፍንጭ ተገኘ፣ አደኑ ጀመረ፣ ገጹ ተገለጠ።

ይህን መጽሐፍ ያዋስኳቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው፤ ስለ እስራቱ ብዙ አያወሩም፣ እኛም አንጠይቃቸውም። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ሦስት አራት ሆነን ስለ መጽሐፉ ስንከራከር ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጅቷስ?» አሉ።

«የቷ ልጅ ጋሼ?» አለ አንዱ። እሱ ያሰበው ጃካል ስላማለላት ባሮነስ ነበር።

«የዚያ የፖሎኙ ልጅ። ታማ ነበር ወይስ ውሸት ነው? ምን ሆነች?»

«ኧረ እሱማ ማታለያ ነው ጋሼ! እሱን ለመያዝ ነው እንጂ...»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ» አሉት። «ያደገች እንደሆን ማን ይነግራታል? አባትሽ ታመሻል ተብሎ መጥቶ ነው የሞተ ብሎ ማን ይነግራታል ነው የምልህ።»

ሌላ ምንም አላሉም። መጽሐፉን ከዚያ ገጽ አላለፉትም። «ሰው መጨረሻውን ሳያውቅ እንዴት ይተወዋል?» ብሎ የገረመው ነበር። እኔን የገረመኝ ግን እኛ ሁላችን አልፈነው መሄዳችን ነው። የክርክራችን ርእስ ሁሉ ጃካል ነበር፤ ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ ለቤል ይበልጣል ወይስ እሱ። የዚያች ልጅ ነገር እንደ ጥያቄ እንኳ አልተቆጠረም ነበር።

አንድ ነገር ለፎርሳይት መመስከር ይገባል። የኮዋልስኪን መከራ አልደበቀውም፣ አላሳነሰውም። ለመጠነኛ ሚና ለተፈጠረ ሰው የአባትነት ፍቅር የሰጠው እሱ ነው። በፍንጭ ብቻ ሊያልፈው ይችል ነበር። ከእውነታውም አልራቀም። ጋዜጠኛው አንሪ አሌግ በ1957 አልጀርስ ውስጥ በፈረንሳይ ወታደሮች በኤሌክትሪክ መሠቃየቱን በመጽሐፍ ሲያወጣ በ1958 መንግሥት መጽሐፉን ወርሶታል። የአልጀርሱን ዘመቻ የመሩት ጄኔራል ማሱ ደግሞ ሥቃዩ መፈጸሙን አምነው፣ «አስፈላጊ ነበር» ብለው የጻፉት መጽሐፍ የወጣው የፎርሳይት ልቦለድ በታተመበት በዚያው በ1971 ነው። ልቦለዱ ውስጥ ያለው ክፍል ከሰማይ የወረደ አይደለም ማለት ነው። ጸሐፊው አይቶ አሳየን። እኛን አሻግሮ የወሰደን ፍጥነቱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብዬ ባስቀምጠው ይሻለኛል፦ ፍጥነት የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው ወይ? እኔ ነው እላለሁ። ኀዘን ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ ባህል ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው ተነሥቶ መውጣት ነውር የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ምንም ባንናገር እንኳ ለተወሰነ ጊዜ መቀመጥ አለብን። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ግን ለሟቾቹ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም። ብራስልስ ላይ ጃካልን በጥቅም ሊያስፈራራ የሞከረው ሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ ይሞታል፤ «ራሱ ነው የጠራው» ብለን እናልፋለን። ባሮነሷ ትሞታለች፤ ደንገጥ እንልና እናልፋለን። ኮዋልስኪን ግን ሳንደነግጥም እናልፈዋለን፤ ምክንያቱም እሱን የገደለው «የእኛ ወገን» ነው። ሕግ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚያድን መንግሥት ነው። በጃካል ምክንያት የሚመጣው ኀፍረት እኮ ቢያንስ ኀፍረት ነው፤ ሰውየው ክፉ መሆኑን ስለምናውቅ ራሳችንን እንጠይቃለን። በመንግሥት ወገን ሆነን ስናነብ ግን የሚጠይቀን የለም።

«ታዲያ ባያሠቃዩት ኖሮ ሤራው ይታወቅ ነበር?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሥቃዩ ይሠራል። ከኮዋልስኪ የተገኘችው ጭላንጭል ናት ለቤልን እስከዚያ የመጨረሻ ክፍል በር ድረስ ያደረሰችው። ግን ልቦለድ ውስጥ ሥቃይ ይሠራል ወይ አይሠራም የሚለውን የሚወስነው ደራሲው ነው፣ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ፍንጭ የሚያስፈልገው ደራሲ። ደግሞ ያ ሁሉ ፖሊስ፣ ያ ሁሉ የስልክ ጠለፋ ተደርጎ የጃካልን የመጀመሪያ ጥይት ያሳታት ምንድን ነው? ደ ጎል ኒሻን የሸለሙትን አርበኛ ጉንጩን ሊስሙ ጎንበስ ማለታቸው ነው። እንግሊዛዊው ቅጥረኛ ፈረንሳዮች በሽልማት ጊዜ እንደሚሳሳሙ አላሰበም። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ የምወዳት ፍትሕ ይቺ ናት፤ የሚሰላው ሁሉ ተሰልቶ መሳሳም ቀረ።

እስካሁን የተናገርኩት ወረቀት ላይ ስላለ ነገር ነው። ወደ መቃብሩ ልመለስ። የለንደን ፖሊስ ከ1968 ጀምሮ የተቃውሞ ቡድኖችን ሰርገው የሚሰልሉ አባላት ያሉት የምስጢር ክፍል ነበረው። እነዚህ ፖሊሶች ማንነታቸውን ለመደበቅ ለዓመታት የተጠቀሙበት ዘዴ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆችን ስምና የልደት ቀን መውሰድ ነው። አንዳንዶቹ ልጁ የተወለደበትን ሰፈር ሄደው አይተዋል፤ ሰው ቢጠይቃቸው እንዳይደናገሩ። በመካከላቸው ሥራውን የሚጠሩበት ስም ከልቦለዱ የተወሰደ ነበር፤ «የጃካል ዙር» ይሉታል። በዚያ ስም ተቃዋሚ መስለው ኖሩ፣ አንዳንዶቹ ከሚሰልሏቸው ሴቶች ጋር የፍቅር ግንኙነት መሠረቱ፣ ልጅ የወለዱም አሉ። ነገሩ በ2013 ይፋ ወጥቶ ፖሊስ በዚያው ዓመት በጥቅሉ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የየትኞቹ ልጆች ስም እንደተወሰደ ግን ለወላጆቻቸው አልነገረም። በኋላ ጉዳዩን የሚመረምር የመንግሥት አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመና ለቤተሰቦቹ መነገር ጀመረ።

ልቦለዱን ሲያነብ «ዋው፣ እንዴት ያለ ብልሃት ነው!» ያላለ ሰው አላገኘሁም። ከመጽሐፉ በጣም የሚወደድ ገጽ ምናልባት እሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ስም አለ፣ ስሙን ያወጡ እናትና አባት ነበሩ። ያንን ገጽ እንደ ባለሙያ ካነበብነው ግን ድንጋዩ ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። ፖሊሶቹም እንደ ባለሙያ ነው ያነበቡት። መጽሐፉ አስተማራቸው ለማለት አይደለም፤ ክፍተቱ ፎርሳይት ሳይጽፈውም ነበር። ለዘዴው የሰጡት የቁልምጫ ስም ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። ያንን ስም ያወጣ ሰው ሲያነብ የት ጋ ደስ እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ጋ ደስ ብሎኛል።

በነገራችን ላይ የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው። ሰላይ አለ፣ ጆሮ ጠቢ አለ። ሰላይ ሲባል ባሕር ማዶ፣ ካፖርት፣ ባቡር ጣቢያ ትዝ ይለናል። ጆሮ ጠቢ ሲባል ጎረቤት ነው ትዝ የሚለን። የስለላ መጻሕፍትን በትርጉም ለአማርኛ አንባቢ በማቅረብ የታወቁት ማሞ ውድነህ አንዱን መጽሐፋቸውን «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ሲሉት ሁለቱን ዓለም አንድ ላይ ሰፍተዋቸዋል። እሳቸው ያሰቡት ይህን ይሁን አይሁን እንጃ፤ ቃሉ ግን ሥራውን ይሠራል። ግድግዳ ጆሮ አለው ተብሎ በሹክሹክታ በሚወራበት ዘመን፣ ብርሃኑ እንዳይታይ መጋረጃ ጋርዶ የስለላ ልቦለድ የሚያነብ ትውልድ ነበረን። ቀን የሚፈራውን ሰው ሙያ ማታ ያደንቃል። ይህን እንደ ግብዝነት አላየውም። ይልቅ ፈሪ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ለጥቂት ሰዓት እጁ ላይ ይዞ ማየት የሚፈልግ ይመስለኛል፤ ሰላዩ ሲያሸንፍ ከእሱ ጋር ሆኖ፣ ለአንዴ እንኳ ከበሩ በዚህኛው በኩል ቆሞ። ጋሼ ግን በበሩ በዚያኛው በኩል ነበሩ። ኮዋልስኪ ገጽ ላይ ቆመው የቀሩት ለዚህ ይሆን? አልጠየቅኳቸውም።

«ልቦለድ ነው ባክህ፣ አታክብድ» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው በአንድ በኩል። መጽሐፍ አንብቦ ገዳይ የሆነ የለም። ካርሎስ የተባለው ቬኔዙዌላዊ «ጃካል» የሚል ቅጽል የወጣለት ለንደን ውስጥ ከአንድ ቤት የጦር መሣሪያ ሲገኝ ይኸው ልቦለድ መደርደሪያ ላይ ስለታየ ነው፤ መጽሐፉ ግን የእሱ እንኳ አልነበረም። በ1994 ካርቱም ላይ ተይዞ ፈረንሳይ ሲወሰድ ከነቅጽሉ ነው የሄደው። መጽሐፍን በዚህ መንገድ መክሰስ ዋዛ ነው። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ማንበብ ልምምድ ነው። አሥር መጽሐፍ ሙሉ፣ መቶ መጽሐፍ ሙሉ፣ ሰው ሲጮህ «ምን አለ? ምን ተናገረ?» ብለን ብቻ መስማት ከለመድን፣ ዜና ስንሰማም እንደዚያው መስማታችን አይቀርም። «ተጠርጣሪው በምርመራ ወቅት አምኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ምን ብሎ አመነ? ወይስ እንዴት አመነ?

ፎርሳይት ራሱ በ2015 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለብሪታንያ የስለላ ድርጅት ሲላላክ መቆየቱን ተናግሯል። በ2025 አረፈ። ምናልባት ያ ሁሉ የቢሮ አየር፣ ያ የወረቀትና የእስክሪብቶ ዝርዝር ውስጥ ካየ ሰው የመጣ ስለሆነ ይሆናል የሚታመነው።

ሌላው የስለላ ሰው፣ ጆን ለ ካሬ፣ በዚሁ ዓለም ኖሮ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው የጻፈው። በ1963 ያሳተመውን፣ «ከብርዱ የመጣው ሰላይ» ልንለው የምንችለውን ልቦለዱን ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሊማስ የተባለው እንግሊዛዊ ሰላይ የገዛ አለቆቹ ማንን ለማዳን ማንን እንዳስበሉ ዘግይቶ ይገባዋል። የዳነው ጨካኙ የእነሱ ሰው ነው፤ የጠፋው ሥራውን በቅንነት የሚሠራው ጠላታቸው። መጨረሻ ላይ የበርሊን ግንብ ጫፍ ላይ ወጥቷል። በዚያኛው በኩል ነፃነት አለ፣ ዝለል ይሉታል። የሚወዳት ሊዝ ግን ተተኩሶባት በዚህኛው በኩል ወድቃለች። ተመልሶ ወደ እሷ ይወርዳል። ስለ ስለላ ካነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ፣ ታሪኩ «ወደፊት» እያለ ሲጮህበት ለሞተ ሰው ብሎ የቆመ ገጸ ባሕርይ እሱ ብቻ ነው።

ለዚያ «እንዲሳካለት ፈልጌ ነበር» ላለኝ ወዳጄ ይህን የለ ካሬን መጽሐፍ ባለፈው ወር አዋስኩት። ሰሞኑን ደውሎ «ኧረ ይሄ መጽሐፍ አይሄድም፤ ያወራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ» ብሎ አማረረብኝ። ስድሳኛው ገጽ አካባቢ ነው ያለው። ስለ ግንቡ ምንም አልነገርኩትም።